በመጋዘን የተገኘ ዕቃ ሁሉ የተደበቀ ዕቃ ነውን?

የምግብ ዘይት፣ የስኳር፣ የሲሚንቶ ወይም የጤፍ ዋጋ በድንገት ሲንር ብዙም ሳይቆይ የሚከተለው ዜና የታወቀ ነው። የንግድ ተቆጣጣሪዎችና የጸጥታ አካላት ወደ አንድ መጋዘን ይገባሉ፤ ይህን ያህል ሺህ ካርቶን ወይም ይህን ያህል ኩንታል «ተከማችቶ ተገኘ» ይባላል፤ በሩ ይታሸጋል፤ ባለቤቱም «ሰው ሠራሽ እጥረት» በመፍጠር ይጠየቃል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ በነበሩት ሳምንታትም በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በርካታ ሱቆችና መጋዘኖች ዋጋ ያላግባብ ጨምረዋል ወይም ሸቀጥ ደብቀዋል ተብለው ታሽገዋል።

በእንዲህ ያለ ዜና ውስጥ ግን ዘወትር አንድ ቁጥር ይጎድላል። አምስት ሺህ ካርቶን ዘይት መገኘቱ ይነገራል፤ ያ መጋዘን በቀን ስንት ካርቶን እንደሚያወጣና ቀጣዩ ጭነት መቼ እንደሚገባ አይነገርም። በቀን አምስት መቶ ካርቶን ለሚያከፋፍል ድርጅት አምስት ሺህ ካርቶን የዐሥር ቀን ስንቅ ብቻ ነው፤ በቀን አምስት ለሚሸጥ ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ነው። የመጀመሪያው ሰው ሊታሰብለት የሚገባው ዕቃው እንዳያልቅበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን በእርግጥ ማብራሪያ ሊጠየቅ ይገባዋል። በቴሌቪዥን መስኮት የሚታየው ምስል ለሁለቱም አንድ ነው፤ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ካርቶን።

መጋዘን ለምን እንደሚሞላ፣ መቼ መሙላቱ ተገቢ፣ መቼ ደግሞ ጥፋት እንደሚሆን ለመለየት በዘርፉ የሚሠራባቸውን ጥቂት ጽንሰ ሐሳቦች ማወቅ ያስፈልጋል።

መጋዘንና ማከፋፈያ ማዕከል

በዕለት ተዕለት አነጋገር ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ሁሉ መጋዘን ይባላል። በሎጂስቲክስ ሙያ ግን፣ ማለትም ዕቃን ከምንጩ እስከ ተጠቃሚው በማጓጓዝ፣ በማስቀመጥና በማድረስ ሥራ ውስጥ፣ በሁለት ነገሮች መካከል ልዩነት ይደረጋል። መጋዘን ጊዜን የሚያሻግር ቤት ነው፤ ዕቃው ዛሬ ገብቶ የሚፈለግበት ቀን እስኪደርስ ይቆያል። የማከፋፈያ ማዕከል የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ በትልልቅ ጭነት የመጣው ዕቃ እዚያ ተራግፎ፣ ተለይቶና ተከፋፍሎ በየአቅጣጫው ወደ ቸርቻሪው ይወጣል። ጥሩ ማከፋፈያ ማዕከል የሚመዘነው ዕቃው በውስጡ በሚቆይበት ሰዓት ማነስ ነው። እንዲያውም ክሮስ ዶኪንግ በሚባለው አሠራር ከአንዱ መኪና የወረደው ዕቃ መደርደሪያ ሳይነካ በሌላው መኪና ይጫናል።

«ክምችት» የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ ሁለት ስሜት ይዟል። በንብረት ክፍል ሠራተኛ አፍ ሲነገር በቢን ካርድ (የዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሚጻፍበት ካርድ) ላይ የተመዘገበ፣ በሞዴል 19 ገቢ የሆነና በሞዴል 22 ወጪ የሚደረግ ንብረት ማለት ነው። በሸማቹ አፍ ሲነገር ደግሞ ክስ ነው። የሕዝብ ውይይቱ የሚደናገረው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስላል።

አንድ አስመጪ ስንት ዕቃ መያዝ ይገባዋል?

የክምችት አስተዳደር የሚባለው ሙያ የሚመልሰው ሁለት ጥያቄዎችን ነው፤ መቼ ይታዘዝ? ስንት ይታዘዝ? መልሱ የሚወሰነው ከሁሉ በፊት በማስመጫ ጊዜ ነው። ይህም ዕቃው ከታዘዘበት ቀን አንሥቶ መጋዘን እስኪደርስ ያለውን ጠቅላላ ጊዜ ማለት ሲሆን፣ የባንክ ፈቃዱን፣ የመርከብ ጉዞውን፣ የወደብ ቆይታውን፣ የጉምሩክ ሂደቱንና የመኪና ጭነቱን ሁሉ ይጨምራል።

በምሳሌ እንየው። አንድ የዘይት አስመጪ በቀን 200 ካርቶን ይሸጣል እንበል። የማስመጫ ጊዜው እንደ ወትሮው ቢሆን 80 ቀን ነው፤ ሲበላሽ ግን እስከ 125 ቀን ይሄዳል። በ80 ቀን ውስጥ 16,000 ካርቶን ይሸጣል። ጭነቱ በ45 ቀን ቢዘገይ ደግሞ ደንበኞቹ ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ ሌላ 9,000 ካርቶን ያስፈልገዋል። ይህ ተጨማሪ መጠን መጠባበቂያ ክምችት ይባላል። ስለዚህ በእጁ ያለው ዕቃ 25,000 ካርቶን ላይ ሲደርስ አዲስ ትእዛዝ መስጠት አለበት፤ ይህ የዳግም ትእዛዝ ነጥብ ይባላል። በየጊዜው 16,000 ካርቶን የሚያዝ ከሆነ፣ ጭነቱ በሰዓቱ በገባበት ዕለት መጋዘኑ ውስጥ 25,000 ካርቶን ይቆጠራል፤ ቀጣዩ ከመግባቱ በፊት ባለው ዕለት ደግሞ 9,000 ብቻ ይቀራል። ተቆጣጣሪው የትኛው ዕለት እንደሚመጣ በዕድል የሚወሰን በመሆኑ፣ ያው ነጋዴ በአንዱ ቀን ሕሊና የሌለው ደባቂ፣ በሌላው ቀን ደግሞ ትጉህ አቅራቢ ሊመስል ይችላል።

አሁን ያው ነጋዴ ዕቃውን በ30 ቀን የሚያስመጣበት፣ መዘግየቱም ከ10 ቀን የማይበልጥበት ሁኔታ ቢፈጠርለት የሚያስፈልገው ክምችት 8,000 ካርቶን ብቻ ይሆናል። ሽያጩ አልቀነሰም፤ ጠባዩም አልተለወጠም። የተለወጠው መንገዱ ነው። የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። የመጋዘን መሙላትና መጉደል በአብዛኛው የመንገዱን ርዝመትና እርግጠኛ አለመሆን የሚያሳይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ስንት ይታዘዝ የሚለው፣ አሜሪካዊው ፎርድ ዊትማን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 በቀመር ካስቀመጠው ወዲህ ብዙ የተጻፈበት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሚወጣ ወጪና ድካም አለ፤ ዕቃን ይዞ መቆየትም ወጪ አለው። ትእዛዝ መስጠት አድካሚ በሆነ መጠን ነጋዴው ጥቂት ጊዜ፣ ግን ብዙ ብዙ ያዝዛል። በቀመሩ መሠረት የአንድ ትእዛዝ ወጪ አራት እጥፍ ቢያድግ፣ በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው መጠን በእጥፍ ያድጋል። የባንክ ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ ሻጩ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ለማስከፈት፣ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘትና የጉምሩክ ሰነድ ለማጠናቀቅ የሚጠፋው ጊዜ በገንዘብ ቢተመን፣ በኢትዮጵያ የአንድ ትእዛዝ ወጪ ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው። አንድ ጊዜ የተከፈተን በር ነጋዴው በተቻለው መጠን ብዙ ሊያስገባበት መሞከሩ ከዚህ የመጣ ነው።

ይዞ መቆየት በነጻ አይደለም። የተኛ ገንዘብ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ ጥበቃ፣ ኢንሹራንስ፣ ብልሽትና ስርቆት ተደምረው በዓመት ከዕቃው ዋጋ ከ20 እስከ 30 በመቶ እንደሚደርሱ የዘርፉ መማሪያዎች በግምት ያስቀምጣሉ። ዋጋ በተረጋጋበት አገር ይህ ወጪ ብቻውን ነጋዴውን ከመጠን በላይ እንዳያከማች ይገታዋል። ችግሩ የሚመጣው የዋጋ ግሽበቱ ይህን ወጪ ሲበልጠው ነው። በኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብርን ይዞ መቀመጥ ያከስራል፤ ዕቃን ይዞ መቀመጥ ግን ቢያንስ የገንዘብን ዋጋ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲያ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ቤት የሚሠራው ሰው ብረትና ሲሚንቶ፣ የቤት እመቤቷም ዘይትና ጤፍ ማከማቸት ይጀምራሉ።

ከጅቡቲ እስከ መርካቶ

የኢትዮጵያ የማስመጫ ጊዜ ለምን ረዥምና ተለዋዋጭ ሆነ? አገሪቱ የባሕር በር የላትም፤ ከ1990ዎቹ የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአሰብ ወደብ አገልግሎት በመቋረጡ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና የወጪ ንግድ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። አንድ ኮንቴነር ከመርከብ ወርዶ በየብስ ወደ ሞጆ ወይም ወደ ሌላ ደረቅ ወደብ ይጓዛል። ደረቅ ወደብ ማለት ከባሕር ርቆ በመሀል አገር የተሠራ፣ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት የሚፈጸምበት የኮንቴነር ማራገፊያ ነው። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የሞጆ ደረቅ ወደብ የዚህ ሥርዓት ዋና ቋጠሮ ነው። ኮንቴነር ከተፈቀደለት ቀን በላይ ሲቆይ ቅጣት ይቆጥራል፤ ኮንቴነር ወደ ባለቤቱ ሳይመለስ ሲዘገይም እንዲሁ። ይህ ሁሉ መጨረሻ ላይ በሸማቹ ዋጋ ላይ ያርፋል።

ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ሲጀምር፣ ከሚጠበቁት ጥቅሞች አንዱ የጉዞ ቀን ማጠር ነበር። ሆኖም የባቡር ፍጥነት ብቻውን የማስመጫ ጊዜን አያሳጥርም፤ ዕቃው ከባቡር ወርዶ እንደገና በከባድ መኪና እስከ መጋዘን መሄድ ስላለበት፣ የሚባክነው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። በየመጋጠሚያው አንድ ሰነድ፣ አንድ ማኅተምና አንድ ተራ አለ።

ከአገር ውጭ ያለውም መንገድ የተረጋጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ የስዊዝ ቦይን ለስድስት ቀናት ዘግታ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ ደግሞ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ በሰነዘሩት ጥቃት የተነሣ፣ ትልልቅ የመርከብ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ መዞር መርጠዋል። ጅቡቲ የምትገኘው የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ በሆነው በባብ ኤል መንደብ ደጃፍ ላይ ነው። ከአውሮፓ፣ ከቱርክና ከጥቁር ባሕር አካባቢ የሚመጣው የኢትዮጵያ ጭነት በቀጥታ የሚያልፈው በዚያው ጠባብ መተላለፊያ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ለሚሠራ አስመጪ መጠባበቂያ ክምችት ማብዛት ከጥንቃቄ የሚቆጠር ነው።

ዕቃን በልኩና በሰዓቱ ብቻ የማስመጣትን አሠራር ለዓለም ያስተማረው የጃፓኑ ቶዮታ ነው። ያ ኩባንያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ አቅራቢዎቹ ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ክምችት እንዲይዙ አድርጓል። መንገዱ ሊቋረጥ እንደሚችል ያወቀ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የጅራፍ ጩኸት

ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው እጅ ላይ ያለው እንቅስቃሴ ትንሽ፣ ጫፉ ላይ ያለው ግን ፍንዳታ መሆኑን ያውቃል። የሎጂስቲክስ ባለሙያዎች በአቅርቦት ሰንሰለት ላይ የሚታየውን አንድ ክስተት በዚሁ በጅራፍ ይመስሉታል። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያ የሕፃናት ዳይፐር ሽያጩን ሲመረምር፣ ሕፃናት በየሳምንቱ የሚጠቀሙት መጠን ብዙም ሳይለዋወጥ ከአከፋፋዮቹ የሚመጣው ትእዛዝ ግን በኃይል እንደሚወጣና እንደሚወርድ አስተውሏል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሸማቹ የዘይት ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ሰምቶ በአንድ ፈንታ ሁለት ጀሪካን ይገዛል። የሰፈሩ ባለሱቅ ሽያጩ በእጥፍ ማደጉን አይቶ፣ ይህ ይቀጥላል ብሎ በማሰብ ከአከፋፋዩ ሦስት እጥፍ ያዝዛል። አከፋፋዩ ከየአቅጣጫው የመጣውን ትእዛዝ አይቶ ከአስመጪው ከዚያም የበለጠ ይጠይቃል። ዕቃ በራሽን የሚታደል ከሆነ ደግሞ ሁሉም የሚፈልገውን አጋንኖ ይጠይቃል፤ ግማሹን እንደሚያገኝ ያውቃልና። በዚህ መካከል ማንም ሰው ክፉ አላሰበም፤ ዕቃው ግን ከመደርደሪያ ጠፍቷል። ከሁለት ወር በኋላ ያ ሁሉ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሲገባ መጋዘኖች ይሞላሉ፤ ሸማቹ ደግሞ ቤቱ ያለውን ገና አልጨረሰም። «ዕቃው ከየት መጣ? ተደብቆ ነበር ማለት ነው» የሚለው ጥርጣሬ የሚወለደው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ክስተት የሚያበርደው መረጃ ነው። አስመጪው የባለሱቁን የዕለት ሽያጭ ማየት ቢችል ኖሮ በተጋነነ ትእዛዝ አይታለልም ነበር። የኢትዮጵያ የችርቻሮ ንግድ ግን በአብዛኛው በእጅ መዝገብና በስልክ የሚሠራ፣ በብዙ ደላላና አከፋፋይ እርከኖች የተከፋፈለ ነው።

እህል ሌላ ነው

ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ሊገባ ይችላል፤ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ግን በዋናነት በመኸር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባሉ፤ የሚበሉት ደግሞ በዐሥራ ሁለቱም ወር ነው። ስለዚህ በጥር የነበረውን እህል እስከ ነሐሴ ይዞ የሚቆይ ሰው የግድ መኖር አለበት። ገበሬው በጎተራው፣ የሐረርጌ ገበሬ በጉድጓዱ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ በመጋዘኑ፣ ነጋዴውም በየከተማው ይህን ሥራ ይሠራሉ። ይዞ መቆየቱ ነቀዝን፣ አይጥን፣ እርጥበትንና የገንዘብ መተኛትን ስለሚያስከትል፣ የነሐሴ ዋጋ ከጥር ዋጋ ከፍ ካላለ ማንም አይዝም።

ከዚህ የሚከተለው ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነው። በጥርና በየካቲት እህል ገዝቶ የሚያስቀምጥ ነጋዴ በዚያን ጊዜ ዋጋን በተወሰነ ደረጃ ከፍ ያደርጋል፤ ይህም የማዳበሪያ ዕዳና ግብር ተጭኖት ምርቱን ቶሎ ለሚሸጠው ገበሬ ጥቅም ነው። በክረምት ሲያወጣው ደግሞ ዋጋን ዝቅ ያደርጋል፤ ይህም ለከተማ ሸማች ጥቅም ነው። ማከማቸት ሁሉ ቢከለከል የጥር ዋጋ ከዛሬው ይበልጥ ይወርዳል፤ የነሐሴው ደግሞ ይበልጥ ይሰቀላል። በአንጻሩ ገንዘብ ያላቸው ጥቂት ነጋዴዎች ብቻ ይህን ሥራ በሚሠሩበት አካባቢ በጥርም በነሐሴም ዋጋን ሊጫኑ ይችላሉ። ስለዚህ በእህል ገበያ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው አከማቾቹ ስንት ሰዎች ናቸው፣ አዲስ ሰው ወደ ሥራው መግባት ይችላል ወይ የሚለው ነው።

መንግሥትም ራሱ አከማች ነው። ለአስቸኳይ ጊዜ የሚሆን የእህል መጠባበቂያ በአዳማ፣ በኮምቦልቻና በሌሎችም ከተሞች ባሉ መጋዘኖች ሲያዝ ኖሯል። የዚህ መጠባበቂያ አሠራር ብልህነት የነበረበት ነው፤ ከውጭ የታዘዘው የእርዳታ እህል በመርከብ ላይ እያለ የእርዳታ ድርጅቶች ከመጠባበቂያው ተበድረው ለተረጂው ያደርሳሉ፤ የራሳቸው ጭነት ሲገባ ይመልሳሉ። ይህ የማስመጫ ጊዜን በክምችት የመሸፈን ትክክለኛ ምሳሌ ነው።

የመድኃኒት አቅርቦቱም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በጤና ተቋማት የተዘረጋው የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት፣ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ከሁለት ወር ያላነሰና ከአራት ወር ያልበለጠ ክምችት እንዲይዙ፣ ወደ ሁለት ሳምንት ሲወርድም አስቸኳይ ትእዛዝ እንዲያወጡ ያዛል። አከፋፈሉም ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ የሚያደርግ ነው። እዚህ ላይ ከሁለት ወር በታች መያዝ ጉድለት፣ ከአራት ወር በላይ መያዝ ብክነት ተደርጎ ይታያል። ለዘይት፣ ለስኳርና ለዱቄት እንዲህ ያለ በግልጽ የተቀመጠ የታችና የላይ ልክ ቢኖር ኖሮ፣ ተቆጣጣሪውም ነጋዴውም የሚዳኙበት መስፈርት ያገኙ ነበር።

ሦስት ዓይነት መሸሸግ

እስካሁን የተባለው እውነተኛ ድብቅ ክምችት የለም ለማለት አይደለም። አለ፤ ጉዳቱም ከባድ ነው። ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ዕቃን ከገበያ መሸሸግ ነው። ነጋዴው ገዢ እያለ፣ ዋጋ ነገ ይጨምራል በሚል ግምት ብቻ «የለም» ይላል። የሸማቹ ቁጣ በትክክል የሚመለከተው ይህንን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ክልከላውን የሚያያይዘው በገበያ ላይ እጥረት እንዳለባቸው በሕዝብ ማስታወቂያ ከተገለጡ ሸቀጦች ጋር ነው። ማለትም ሕጉ ማንኛውንም ክምችት በደፈናው ወንጀል አላደረገም።

ሁለተኛው ከዋጋ ተመን መሸሸግ ነው። መንግሥት የመሸጫ ዋጋ ሲወስንና ያ ዋጋ ዕቃውን ለመተካት ከሚያስፈልገው ወጪ ሲያንስ፣ ዕቃው ከሱቅ ወደ ጓዳ ይገባል። ሻጩ ይሸጣል፤ ግን ለሚያውቀው ሰው፣ በጓሮ በር፣ በሌላ ዋጋ።

ሦስተኛው ከግብር መሸሸግ ነው። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ያለ ደረሰኝ ሊሸጥ ስለሚገባው መዝገብ በሌለው ቤት ይቀመጣል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ተሰምቶ በመርካቶ በርካታ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል። እነዚያ ሱቆች የተዘጉት ዋጋ እስኪጨምር ለመጠበቅ አልነበረም። በሦስቱም ዓይነት ዕቃው ከዓይን ይሰወራል፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የንግድ ሕግ፣ ሁለተኛው የዋጋ ፖሊሲ፣ ሦስተኛው የግብር አስተዳደር ጉዳይ ነው።

አሮጌ ዕቃ በአዲስ ዋጋ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚከራከርበት ነጥብ ይህ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በአሮጌው ምንዛሪ የገባን ዕቃ በአዲሱ ዋጋ መሸጥ ፍትሐዊ ነውን?

የሸማቹ ወገን መከራከሪያ ጠንካራ ነው። ነጋዴው ላልከፈለው ወጪ ያስከፍላል፤ ዕቃውን በብር ብድር የገዛ ከሆነ ደግሞ ዕዳው ባለበት እያለ የዕቃው ዋጋ ስለሚያድግ ትርፉ በእርግጥም ያልደከመበት ነው። የነጋዴው ወገን መልስም በስሌት የተደገፈ ነው። 20 ዶላር የሚያወጣ ካርቶን በ1,140 ብር ገዝቶ፣ ሌላውን ወጪ ትተን፣ በ1,300 ብር ቢሸጥ በመዝገብ ላይ 160 ብር አትርፏል። መቶ ካርቶን ሲሸጥ 130,000 ብር በእጁ ይገባል፤ ከዚህ ውስጥ 16,000 ብር ትርፍ ተብሎ ድርጅት ከሆነ 30 በመቶ ማለትም 4,800 ብር ግብር ይከፍላል። ዶላሩ 110 ብር ሲገባ ያው ካርቶን 2,200 ብር ይሆናል። በቀረው 125,200 ብር መልሶ የሚገዛው 57 ካርቶን ገደማ ብቻ ነው። መዝገቡ አተረፈ ይላል፤ መጋዘኑ ግን ወደ ግማሽ ወርዷል። እንዲህ ያሉ ነጋዴዎች ሲበዙ ከሦስት ወር በኋላ ወደ አገር የሚገባው ዕቃ ይቀንሳል።

በእኔ ግምት ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት እውነት ነው፤ ልዩነቱ የሚያዩበት ጊዜ ነው። ሸማቹ የሚያየው የዛሬውን መደርደሪያ፣ ነጋዴው የቀጣዩን ጭነት ነው። በብር ተበድሮ ያተረፈውን ድንገተኛ ትርፍ በግብር ማግኘት ይቻላል፤ ዕቃውን በአሮጌ ዋጋ እንዲሸጥ ማስገደድ ግን ቀጣዩን ጭነት ያስቀራል። ለዕለት ጉርሱ የሚቸገረውን ሰው ከዚህ መሀል ለማትረፍ በቀጥታ መደጎም የበለጠ ወጪ ያለው ቢመስልም፣ ገበያውን ከማድረቅ ያነሰ ጉዳት አለው።

ማሸግ በክምችቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

የታሸገ መጋዘን ለጊዜው እርካታ ይሰጣል፤ ከውስጡ የተወሰደውም ዕቃ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲሸጥ ለጥቂት ቀናት ዋጋ ሊያበርድ ይችላል። በሌሎቹ ነጋዴዎች ላይ የሚያሳድረው ለውጥ ግን ረዘም ያለ ነው። ክምችት መያዝ አደጋ ሲሆን አንዱ ነጋዴ ክምችቱን ይቀንሳል፤ በሚቀጥለው መዘግየት ዕቃው ቶሎ ያልቃል። ሌላው ክምችቱን ይበትናል፤ በአንድ ትልቅ መጋዘን የነበረው ዕቃ በዐሥር መኖሪያ ቤቶች፣ በየሱቁ ቆጥና በየጓዳው ይገባል።

መበተን ዋጋ ያስከፍላል። አራት ትንንሽ መጋዘኖች ለየአካባቢያቸው መጠባበቂያ ቢይዙና የየአካባቢው ፍላጎት በየራሱ የሚወጣና የሚወርድ ቢሆን፣ ወደ አንድ ማዕከል ሲጠቃለሉ የሚያስፈልገው መጠባበቂያ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የአንዱ እጥረት በሌላው ትርፍ ይሸፈናልና። ሲበተን ስሌቱ ይገለበጣል፤ ተመሳሳይ አገልግሎት ለመስጠት እጥፍ ክምችት ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ የሰው ሕይወትና የንብረት ደኅንነት አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው የእሳት አደጋ፣ መሸጫና ማከማቻ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በጠባብ መተላለፊያና በተጠጋጉ ቤቶች ሲታጨቁ ጥፋቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ አሳይቷል። እሳት መከላከያ፣ መግቢያና መውጫ ያለው መጋዘን በከተማ ዳር እንዲሠራ የሚፈልግ አስተዳደር፣ ዕቃውን በግልጽ ያስቀመጠውን ሰው ዕቃውን ካሸሸው ይልቅ ለቅጣት እንዳያጋልጠው መጠንቀቅ አለበት።

የትኛው ምርመራ ይለያል?

የቁጥጥር አካላት አስቸጋሪ ቦታ ላይ መሆናቸው አይካድም። ዋጋ በየቀኑ በሚጨምርበት ሳምንት «እስኪ ስሌቱን እንይ» ማለት ለተራበ ሰው የሚሰጥ መልስ አይደለም። ቢሆንም ከበር ላይ ካርቶን ከመቁጠር የማይከብድ ምርመራ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ክምችቱ የስንት ቀን ሽያጭ ነው የሚል ነው፤ ይህም በእጅ ያለውን መጠን ለአማካይ የዕለት ወጪ በማካፈል ይገኛል። ሁለተኛው፣ ያ ቀን ከማስመጫ ጊዜው ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው የሚል ነው። ሦስተኛውና ወሳኙ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የወጪ መዝገቡ ምን ይላል የሚለው ነው። ዋጋ እየጨመረ፣ ገዢ እየመጣ፣ ወጪው ግን በድንገት ወደ ዜሮ የወረደ ከሆነ፣ ያ መጋዘን በእርግጥ ዕቃ ደብቋል። ወጪው እንደ ወትሮው የቀጠለ ከሆነ ግን የመጋዘኑ መሙላት ምንም አያስረዳም።

ይህ ምርመራ መዝገብን ይጠይቃል፤ መዝገብ ደግሞ ባለቤቱ በመመዝገቡ የሚጠቀምበት ሁኔታ ከሌለ አይኖርም። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በአገሪቱ ሕግ ውስጥ አለ። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 372/1996 ተደንግጓል፤ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ለቡና፣ ለሰሊጥና ለቦሎቄ ሠርቶበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አስቀማጩ ምርቱን ለታወቀ መጋዘን ያስረክባል፤ መጋዘኑ ጥራቱንና ክብደቱን አረጋግጦ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ደረሰኙ እንደ ንብረት ሊሸጥ ወይም ለባንክ በመያዣነት ሊቀርብ ይችላል። ለአምራቹና ለነጋዴው ዕቃን በግልጽ ማስቀመጥ የብድር በር ይከፍትለታል፤ ለመንግሥት ደግሞ በየትኛው ከተማ ስንት ኩንታል እንዳለ ሳያሽግ የሚያይበት መስኮት ይሆንለታል። እስካሁን ይህ ሥርዓት በዋናነት በኤክስፖርት ሰብሎች ላይ ተወስኖ ቆይቷል። ወደ ስንዴ፣ ወደ በቆሎና ወደ ምግብ ዘይት ይስፋ ቢባል የሚያስፈልጉት ሚዛን፣ የጥራት መመዘኛ፣ የኢንሹራንስ ዋስትናና የታመነ መጋዘን ጠባቂ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ለመገንባት ረዥሙን ጊዜ የሚወስደው የመጨረሻው ነው።